ለመካከለኛ ፕሮሰሰር ማዘርቦርድ ስትመርጡ፦ ሶኬቱ መግጠሙ ብቻ አይበቃም

ፕሮሰሰር መምረጥ ያን ያህል አያስቸግርም። ፍጥነቱ በቁጥር ተለክቶ ተቀምጧል፤ አነጻጽሮ የሚያሳይ ቪዲዮም ሞልቷል። ሰው ግራ የሚጋባው ማዘርቦርዱ ላይ ሲደርስ ነው። ለአንድ ፕሮሰሰር የሚሆኑ ቦርዶች በደርዘን ይቆጠራሉ። ስማቸው የፊደልና የቁጥር ጋጋታ ነው። ካርቶናቸው ላይ ደግሞ ሁሉም ለጌም የተሠራሁ ነኝ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይታክተውና «ሶኬቱ ይግጠም እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» ብሎ ያገኘውን ያነሳል።

ሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማስገቢያ፣ መግጠሙ ግድ ነው። ግን ገጥሞም የማይሠራ አለ። ኢንቴል ኤልጂኤ 1151 የሚባለውን ሶኬት በ2015 ለ6ኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰሮቹ አወጣው፤ 7ኛውም በዚያው ቀጠለ። በ2017 መጨረሻ 8ኛው ሲመጣ ሶኬቱ ያው 1151 ነበር። ሆኖም የ300 ተከታታይ ቺፕሴት (የቦርዱን ፖርቶችና ማስገቢያዎች የሚያስተዳድር ቺፕ) ያለው አዲስ ቦርድ ይፈልግ ነበር። በድሮው ቦርድ ላይ 8ኛውን ያስገባ ሰው ያገኘው ጥቁር ስክሪን ነው። ስለዚህ ከሶኬቱ በኋላ የሚመጡትን ማጣሪያዎችም በተራ ማለፍ ያስፈልጋል።

እዚህ መካከለኛ የምላቸው እንደ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600፣ ራይዘን 5 7600፣ ኢንቴል ኮር አይ5 12400ኤፍ እና ኮር አይ5 14600ኬ ያሉትን ነው። ጌምም የዕለት ሥራም ያለ ችግር ያስኬዳሉ፤ ከላይኛው ደረጃ ግን አይመደቡም።

1. የፕሮሰሰሩን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል ጻፉ

«አይ5 ነው» ማለት ምንም አይነግረንም። አይ5 የሚለው ስም ከ2009 ጀምሮ አለ፤ በመሃል ሶኬቱ ስንቴ ተቀያይሯል። 12400ኤፍ ሲባል ግን ነገሩ ይጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች 12ኛ ጀነሬሽን መሆኑን ይናገራሉ። ራይዘን ላይ ደግሞ የመጀመሪያዋ አሃዝ ቤተሰቡን ትነግራችኋለች፤ 5600 ከ5000ዎቹ፣ 7600 ከ7000ዎቹ ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል አትናቋት። ኢንቴል ላይ «ኤፍ» ካለ በውስጡ ግራፊክስ የለም። ማዘርቦርዱ ከኋላው ኤችዲኤምአይ ፖርት ቢኖረውም ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ካልተገዛ ምስል አይወጣም። «ኬ» ካለ ፕሮሰሰሩ ኦቨርክሎክ ይደረጋል፣ ከተሠራለት ፍጥነት በላይ ይነዳል ማለት ነው፤ ይህ ቺፕሴት ስንመርጥ ይመለስብናል። ኤኤምዲ ላይ 5600 ግራፊክስ የለውም። 7600 ለስክሪን ያህል የምትበቃ ትንሽ ግራፊክስ አለችው፤ 7500ኤፍ የለውም። «ጂ» ያለባቸው እንደ 5600ጂ እና 8600ጂ ያሉት ጠንከር ያለ ግራፊክስ አላቸው፤ በምትኩ ለውጪ ግራፊክስ ካርድ የሚሰጡት የመረጃ መስመር አነስ ይላል ወይም ይዘገያል።

2. ሶኬቱን ለዩ

ይህ በፍጥነት ያልቃል። ከራይዘን 1000 እስከ 5000 ያሉት የሚገቡት ኤኤም4 ላይ ነው። ራይዘን 7000፣ 8000 እና 9000 በ2022 በወጣው ኤኤም5 ላይ ይገባሉ። ኢንቴል 10ኛና 11ኛ ጀነሬሽን ኤልጂኤ 1200 ላይ፣ 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ኤልጂኤ 1700 ላይ ይቀመጣሉ። በ2024 የወጣው ኮር አልትራ 200 ደግሞ ኤልጂኤ 1851 ይፈልጋል።

ወደፊት ፕሮሰሰር ብቻ ቀይራችሁ መቀጠል ካሰባችሁ ኤኤም5 ይሻላል። ኤኤምዲ ሶኬቱን ቢያንስ እስከ 2027 እንደሚደግፍ ተናግሯል። ኤልጂኤ 1700 በ14ኛው ጀነሬሽን ዕድገቱ አብቅቷል። ይህ ማለት ግን አይገዛም ማለት አይደለም። 12400ኤፍ ገዝቶ ለዓመታት ሳይነካው የሚጠቀም ሰው የሶኬቱ ዕድሜ ምኑም አይደለም።

3. የቺፕሴቱን ደረጃ ምረጡ

በቦርዱ ስም ውስጥ ያለችው ፊደል ደረጃውን ትናገራለች። ኤኤምዲ ላይ ከታች «ኤ»፣ መሃል «ቢ»፣ ላይ «ኤክስ» ነው። ኢንቴል ላይ ከታች እንደ ኤች610 ያለው፣ መሃል «ቢ»፣ ላይ «ዜድ» ነው።

የኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ለመካከለኛ ፕሮሰሰር «ቢ» ግዙ። ለ5600 ቢ450 ወይም ቢ550፣ ለ7600 ቢ650 ወይም ቢ850፣ ለ12400ኤፍ ቢ660 ወይም ቢ760። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ለተጨማሪ ፖርት፣ ለተጨማሪ መብራትና ለወፍራም ብረት ይሄዳል። ፕሮሰሰሩ አይፈጥንም። ያንኑ ገንዘብ ግራፊክስ ካርድ ወይም ራም ላይ ብትጨምሩት ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ከዚህ የሚወጡ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው ኢንቴል «ኬ» ነው። ኢንቴል ኦቨርክሎክ የሚፈቅደው «ዜድ» ቦርድ ላይ ብቻ ነው። 14600ኬ ቢ760 ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ የከፈላችሁበት «ኬ» ግን ተቆልፎ ይቀመጣል። ኦቨርክሎክ የማታደርጉ ከሆነ መጀመሪያውኑ «ኬ» የሌለውን ግዙ። ኤኤምዲ እዚህ ለጋስ ነው፤ «ቢ»ም «ኤክስ»ም ይፈቅዳሉ። ኤ520፣ ኤ620 እና ቢ840 ግን አይፈቅዱም። አዎ፣ ቢ840 ስሙ «ቢ» ቢሆንም የታችኛው ደረጃ ነው፤ ከቢ850 ጋር እንዳታምታቱት።

ሁለተኛው የታችኛውን ደረጃ መግዛት ነው። ኤች610 ለቢሮ ሥራ ይበቃል። ግን ራም ማስገቢያው ሁለት ብቻ ነው፤ ራሙንም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ አያስኬድም። ኤም 2 የሚባለው የኤስኤስዲ ማስገቢያው በቺፕሴቱ በኩል ስለሚያልፍ ፈጣን ኤስኤስዲ ብትገዙም ሙሉ ፍጥነቱን አታገኙም። የምትገዙት ምን እንደሚጎድለው ካወቃችሁ በኋላ ከሆነ ችግር የለውም።

4. የፕሮሰሰር ዝርዝሩንና የባዮስ ስሪቱን አመሳክሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። ባዮስ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

እያንዳንዱ የማዘርቦርድ አምራች ለእያንዳንዱ ሞዴል የድጋፍ ገጽ አለው። እዚያ ውስጥ ቦርዱ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር አለ። የፕሮሰሰራችሁን ስም ፈልጉ። አጠገቡ «ከዚህ የባዮስ ስሪት ጀምሮ» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ሻጩ የፈለገውን ቢል አትግዙ። ስሙ ካለ ደግሞ ያቺን ቁጥር መዝግቡ።

ቁጥሯ ለምን ትጠቅማለች? ቦርዱ ከፋብሪካ የወጣው ፕሮሰሰሩ ከመሠራቱ በፊት ሊሆን ይችላል። ቢ450 በ2018 ወጣ፤ ራይዘን 5000 የመጣው በ2020 መጨረሻ ነው። ባዮሱ ያልታደሰ ቢ450 ላይ 5600 ብትሰኩ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው። ቢ660 ከ14ኛ ጀነሬሽን ጋር፣ ቢ650 ከራይዘን 9000 ጋር ሲገናኙም ይኸው ሊፈጠር ይችላል። ባዮሱን ለማደስ የሚሠራ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ የሚሠራ ፕሮሰሰር እንዲኖር ደግሞ ባዮሱ መታደስ አለበት። ጣጣው ይህ ነው።

መውጫው ባዮስ ፍላሽባክ ነው። አንዳንድ ቦርዶች ከኋላ ትንሽ ቁልፍ አላቸው፤ ጊጋባይት ኪው-ፍላሽ ፕላስ ይለዋል። ፕሮሰሰርም ራምም ሳይገባ፣ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ተሰክቶ፣ ባዮሱ ከፍላሽ ዲስክ ይጫናል። ፍላሹ ፋት32 ተደርጎ ፎርማት ይደረግ፤ ፋይሉ መመሪያው በሚለው ስም ይሰየም፤ ፍላሹም ምልክት በተደረገበት ዩኤስቢ ላይ ይሰካ። መብራቱ ብልጭ ማለቱን እስኪያቆም አትንኩት። በመሃል መብራት ከተቋረጠ ቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሁለት ተመሳሳይ ቦርድ መሃል ብታመነቱ ይህች ቁልፍ ያለችውን ውሰዱ። ቁልፉ ከሌለ ሻጩ ባዮሱን አድሶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

አዲስ ቦርድ አሮጌውን ሁሉ ይቀበላል የሚለውም ልክ አይደለም። ቢ550 ከቢ450 ይልቅ አዲስ ነው፤ ራይዘን 1000ን እና 2000ን ግን በይፋ አይደግፍም። አብዛኞቹ ኤች410 እና ቢ460 ቦርዶችም ሶኬታቸው ኤልጂኤ 1200 ሆኖ ሳለ 11ኛውን ጀነሬሽን አይቀበሉም።

ስሙን ስትፈልጉ ሙሉውን ጻፉ። አንድ ፊደል የምትለያቸው ሞዴሎች ብዙ ናቸው። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ያንኑ ስም ይዘው ቦርዱን እየቀያየሩ ያወጣሉ። እንዲህ ያለው ለውጥ በቦርዱ ጥግ ላይ «ሪቪዥን» ተብሎ በትንሽ ቁጥር ይታተማል። የድጋፍ ገጹም በሪቪዥን ይለያያል፤ የሌላውን ባዮስ እንዳታወርዱ።

5. ራሙን ከቦርዱ ጋር አጣጥሙ

ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ሁለቱም 288 ፒን አላቸው፤ መሃላቸው ላይ ያለችው ክፍተት ግን ቦታዋ ይለያያል። አንዱ በሌላው ላይ አይገባም፤ በጉልበት ከተገፋ ይሰበራል። ኤኤም4 ዲዲአር4 ብቻ፣ ኤኤም5 እና ኤልጂኤ 1851 ዲዲአር5 ብቻ ናቸው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ኤልጂኤ 1700 ላይ ነው። እዚያ በያው ቢ760 አንዱ ቦርድ ለዲዲአር4፣ ሌላው ለዲዲአር5 ተደርጎ ይሠራል። ዲዲአር4 የሚወስደው ብዙ ጊዜ ስሙ ላይ «ዲ4» ወይም «ዲዲአር4» ይላል። ከድሮው ኮምፒውተር የተረፈ ጥሩ ዲዲአር4 ራም ካላችሁ 12400ኤፍን ከዲዲአር4 ቦርድ ጋር ማጣመር ደህና ቁጠባ ነው።

ራሙን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ግዙ። አራት ማስገቢያ ባለው ቦርድ ላይ ሁለቱ ራሞች ብዙ ጊዜ የሚገቡት ከፕሮሰሰሩ ተነስቶ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ዲዲአር5 ላይ አራቱንም መሙላት ዋጋ ያስከፍላል። ራይዘን 7000 በሁለት ራም በይፋ የሚደግፈው የራም ፍጥነት 5200 ነው፤ በአራት ሲሆን ወደ 3600 ይወርዳል። 32 ጊጋባይት ከፈለጋችሁ ባለ 16 ሁለት እንጂ ባለ 8 አራት አትግዙ።

ፍጥነትን በተመለከተ ለራይዘን 7000 እና 9000 ብዙ ሰው የሚስማማበት 6000 ነው። ከዚያ በላይ ዋጋው እንጂ ጥቅሙ እምብዛም አይጨምርም። ራሙ በዚያ ፍጥነት እንዲሠራ ባዮስ ውስጥ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። ካልበራ ፈጣን ብላችሁ የገዛችሁት ራም ዝግ ብሎ ይኖራል፤ ማንም አይነግራችሁም።

6. የኃይል ክፍሉን እዩ

ከፓወር ሰፕላይ የሚመጣው 12 ቮልት ነው። ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው ወደ 1 ቮልት ገደማ ነው። ይህን የሚያወርደው በሶኬቱ ዙሪያ የተደረደረው ቪአርኤም የሚባለው ክፍል ነው። ደካማ ከሆነ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ፕሮሰሰሩን ያዘገየዋል።

ካርቶን ላይ ያለውን ዋት እንዳለ አትመኑት። 12400 ላይ 65 ዋት ተብሎ ተጽፏል፤ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ግን 117 ዋት ይደርሳል። 13400 ያው 65 ተብሎ 148 ይደርሳል። 14600ኬ 125 ተብሎ 181 ይሄዳል። ራይዘን 5 7600 ቁጥብ ነው፤ 65 ተብሎ 88 ላይ ይቆማል። 7600ኤክስ ግን 142 ድረስ ይወጣል።

ስለዚህ ለ7600 ወይም ለ12400ኤፍ ማንኛውም ደህና «ቢ» ቦርድ ይችለዋል። ለ14600ኬ ግን ቪአርኤሙ ራቁቱን የሆነ ርካሽ ቦርድ አትምረጡ። በሶኬቱ ግራና ከላይ በኩል ሙቀት የሚያወጣ የብረት ሂትሲንክ መኖሩን፣ የፕሮሰሰር ኃይል ማስገቢያውም ባለ 8 ፒን መሆኑን ፎቶው ላይ እዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው «14 ፌዝ» ምናምን የሚለው የቪአርኤሙ ክፍሎች ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስተማምንም፤ የክፍሎቹ ጥራት ይለያያል። ቦርዱ በሸክም ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ለክቶ ያሳየ ሰው ከቁጥሩ የበለጠ ይነግራችኋል።

7. የምትሰኩትን ሁሉ ቁጠሩ

ወረቀት ያዙና ጻፉ፦ ስንት ኤስኤስዲ፣ ስንት ሃርድ ዲስክ፣ የትኛው ግራፊክስ ካርድ፣ ስንት ዩኤስቢ፣ ዋይፋይ ያስፈልጋል ወይስ ገመድ አለ።

ኤም 2 ማስገቢያ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ፈጣኑን ኤንቪኤምኢ፣ አንዳንዱ ቀርፋፋውን ሳታ ብቻ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይቀበላል። ሳታ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል፤ ፒሲአይኢ (ካርድና ኤስኤስዲ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙበት መስመር) 3.0 ሲሆን ኤንቪኤምኢ ወደ 3500፣ ፒሲአይኢ 4.0 ወደ 7000 ይደርሳል። ሌላም ወጥመድ አለ፤ ብዙ ቦርዶች ላይ ሁለተኛው ኤም 2 ሲሞላ አንድ ወይም ሁለት ሳታ ፖርት ይዘጋል። ይህ የሚጻፈው መመሪያው ውስጥ በትንሽ ፊደል ነው። ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያውን ከአምራቹ ገጽ አውርዳችሁ ተመልከቱ፤ ነፃ ነው።

የግራፊክስ ካርዱ ረጅሙ ማስገቢያ 16 መስመር አለው። አንዳንድ ካርዶች ግን ሁሉንም አይጠቀሙም። አርቲኤክስ 4060 ስምንቱን፣ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አራቱን ብቻ ይጠቀማሉ። እነዚህ ፒሲአይኢ 3.0 ብቻ ያለው ቦርድ ላይ ሲገቡ የመስመሩ ማነስና የመስመሩ ዝግታ ይደራረብባቸዋል። 6500 ኤክስቲ ላይ ጉዳቱ በግልጽ ይታያል። ቢ450 ፒሲአይኢ 3.0 ነው፤ ቢ550 ግን ለካርዱ 4.0 ይሰጣል። 5600ጂ ከሆነ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱ 3.0 ስለሆነ ቢ550 መግዛት ካርዱን አያፈጥነውም።

የኋላውን ገጽታም በፎቶ አጉልታችሁ እዩ። የዩኤስቢው ብዛት፣ የኔትዎርኩ ፍጥነት፣ የድምጹ ማስገቢያ ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ኬዛችሁ ከፊት ለፊቱ ዩኤስቢ ታይፕ ሲ ካለው ቦርዱ ላይ ለሱ የተለየ ማስገቢያ መኖሩን አረጋግጡ፤ ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ የለም።

8. ልክና ኩለር

የቦርድ ልክ ሲታይ ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170 ነው። ትልቅ ኬዝ ትንሹን ይቀበላል፤ ትንሽ ኬዝ ትልቁን አይቀበልም። ለመካከለኛ ፕሮሰሰር ማይክሮ ኤቲኤክስ ከበቂ በላይ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ ያምራል፤ ግን ለትንሽነቱ ትከፍላላችሁ።

ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዝ የድሮ ኩለር ካላችሁ የማሰሪያ ቀዳዳውን አትርሱ። ኤልጂኤ 1200 ላይ በቀዳዳዎቹ መሃል ያለው ርቀት 75 ሚሊሜትር ነው፤ ኤልጂኤ 1700 ላይ 78 ነው። አዲስ ማሰሪያ ካልተገኘ አይገጥምም። የኤኤም4 ኩለሮች አብዛኞቹ ኤኤም5 ላይ ይሠራሉ፤ ከቦርዱ ጀርባ የራሳቸውን ብረት የሚጠቀሙት ግን አይሆኑም።

9. ያገለገለ ከሆነ

ኤኤም5 እና የኢንቴል ሶኬቶች ላይ ፒኖቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ነው። ፀጉር የሚያህሉ ስለሆኑ አንዱ ቢጎብጥ አንድ ራም ማስገቢያ ሊሞት ወይም ቦርዱ ጭራሹኑ ላይነሳ ይችላል። የሶኬቱን ክዳን አስከፍቱ፤ የስልክ መብራት ከጎን አብሩና ፒኖቹ በእኩል መደዳ የሚያበሩ መሆናቸውን እዩ። አንዷ ከሌሎቹ ለየት ብላ ካበራች ተዉት። ከኋላ ሆኖ ፖርቶቹን የሚሸፍነው ቆርቆሮ አብሮ መኖሩንም ጠይቁ፤ ሲጠፋ ለብቻው ማግኘት ያስቸግራል። ሁሉም ራም ማስገቢያ መሥራቱን በዓይናችሁ ካላያችሁ ገንዘቡን አትስጡ።

10. መጀመሪያ ሲበራ

ኤኤም5 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን እየለካ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፤ ስክሪኑ በዚህ ጊዜ ጥቁር ነው። ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ከተነሳ በኋላ ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮሰሰሩና ራሙ በሙሉ መታየታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ባዮሱን ወደ ቅርቡ ስሪት አድሱ። 13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን ላይ ይህን ለነገ አትበሉት። ከፍ ያሉት ሞዴሎች ከሚገባው በላይ ቮልት እየወሰዱ ይጎዱ እንደነበር ኢንቴል በ2024 አምኗል፤ ማስተካከያውም የሚመጣው በባዮስ በኩል ነው። ራሙን ወደ ፍጥነቱ የሚያመጣውን ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የምታበሩት ከማደሱ በኋላ ይሁን፤ ባዮስ ሲታደስ የነበረው ምርጫ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ፕሮሰሰሩን ስታስገቡ የሚወጣውን የሶኬቱን ፕላስቲክ ክዳን ካርቶኑ ውስጥ መልሱት። ቦርዱ በዋስትና ወደ አምራቹ ቢመለስ ክዳኑ ስለሚጠየቅ አትጣሉት።